ይህን ደስታ እስከ ዛሬ ማን ደበቀን!

አርሲ፣ ዴራ ውስጥ በየግቢው ብትዞሩ አንዷን አታጡም። ከዶሮ ቤቱ ኋላ፣ ከጭድ ክምሩ ሥር፣ ወይም ከጎተራው ጥግ ማዳበሪያ ጆንያ ተደርቦባት የቆመች ዶቅዶቄ አለች። የቤንዚን ሰርባቶዮዋ ዝጓል፣ ጎማዋ ተንፍሷል፣ መቀመጫዋን አይጥ በልቶታል። አንድ ዘመን የጤና ባለሙያ ክትባት ጭኖባት፣ የግብርና ሠራተኛ ምርጥ ዘር ይዞባት ቀበሌ ለቀበሌ ስትዞር ኖራለች። ከዚያ በጨረታ ተሸጠች፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፣ በመጨረሻም "እሷማ አትነሳም" ተብላ ተተወች። እኔ ደግሞ ትነሳለች ልላችሁ ነው የመጣሁት! በገዛ ግቢያችሁ፣ በገዛ እጃችሁ፣ አንድ ሳጥን መፍቻ ይዛችሁ ታስነሷታላችሁ፤ ከዚያ ከዴራ ወደ አሰላ የሚወጣውን ዳገት ስትይዙባት፣ ዕድሜ ልካችሁን በሚኒባስ የተመላለሳችሁበትን መንገድ ገና ያን ቀን ታዩታላችሁ። ይህን ደስታ የቀመሰ ሰው ዝም ብሎ እንዴት እንደሚቀመጥ አላውቅም። እኔ አልቻልኩም።

የማወራው ስለ ድሮዎቹ ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሞተሮች ነው፦ ስለ ያማሃ ዲቲ 125፣ ለእርሻ ሥራ ተብላ ስለተሠራችው ያማሃ ኤጂ 100፣ ስለ ሱዙኪ 125። ዛሬ መንገዱን የሞሉት አዳዲሶቹ ባለ አራት ምት የህንድ ሞተሮች ቤንዚን ይቆጥባሉ፣ ያገለግላሉ፣ ክፉ አልናገራቸውም። ነገር ግን የእነሱን ሞተር የከፈተ ሰው ባልቮላውን፣ የባልቮላውን ሞላ፣ እሱን የሚገፋውን፣ የሚገፋውን የሚያዞረውን ሁሉ አንድ በአንድ መልቀም አለበት። የዲቲን ቴስታታ፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ግን ክፈቱት! ዳዶዎቹን ትፈታላችሁ፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ትነካኩታላችሁ፣ ከፍ ስታደርጉት የፒስተኑ ግንባር ቁልጭ ብሎ ፊታችሁ ላይ ነው። ሌላ የለም። ባልቮላ የለም፣ ካም የለም። ኃይል የሚሠራው ፒስተኑ፣ ቢየላውና የሚዞረው ዘንግ ብቻ ነው። 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ 50 ሚሊ ሜትር ወደ ታች። 123 ሲሲ የሚሏት ይህችው ናት። በመዳፍ የምትያዝ ፒስተን ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ስንዴ ጭና ዳገት ትወጣለች።

አሠራሯን ስትረዱት ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳችሁም። ፒስተኑ ራሱ በር ከፋች፣ ራሱ በር ዘጊ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይጨምቃል፤ በዚያችው ቅጽበት ከበታቹ ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር አዲስ ድብልቅ ወደ ሞተሩ ሆድ ይሳባል። ካንዴላው እሳት ይሰጣል፣ ፒስተኑ ይወረወራል። ሲወርድ መጀመሪያ የጭሱን በር ይገልጣል፣ ጥቂት ወረድ ሲል ደግሞ ከሆዱ ያለው አዲስ ድብልቅ የሚወጣባቸውን በሮች ይገልጣል፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። በቃ፣ ይኸው ነው! ባለ አራት ምቱ ሞተር ሁለት ዙር ዞሮ አንዴ ሲያቀጣጥል፣ ይህችኛዋ በየዙሩ ታቀጣጥላለች። ያ የምታውቁት ተከታታይ፣ ፋታ የሌለው፣ ጋዝ ሲሰጡት ወደ ጩኸት የሚቀየረው ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው። እኔ ያን ድምፅ ልጅ ሆኜ ከሩቅ ሰምቼ የክትባት ሰው መጣ ብዬ እሮጥ ነበር፤ በምን ምክንያት እንደዚያ እንደሚጮህ ያወቅኩት ግን አሁን፣ እጄ በጥላሸት ተለውሶ ነው።

አሁን ወደ አስደናቂው ነገር ልግባ። ከካርቡራቶሩ ጀርባ፣ ወደ ሞተሩ በሚገባው መተንፈሻ ላይ፣ እንደ ጣሪያ በሁለት በኩል የተጋደመች ትንሽ ቁራጭ አለች። በላይዋ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ተጣብቀዋል። ሞተሩ ሲስብ ይከፈታሉ፣ ሲገፋ ይዘጋሉ። ወደ ፀሐይ አንስታችሁ ስታዩአቸው በምላሶቹና በመቀመጫቸው መካከል ብርሃን ሾልኮ መግባት የለበትም፤ ጫፋቸው ከተሰነጠቀ ሞተሩ በመጀመሪያው ርግጫ አይነሳም፣ ቢነሳም ያንቀዋል። ያማሃ ይህን አሠራር በሞተሮቹ ላይ ማስገባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ለመሆኑ ያማሃ የተባለው ኩባንያ ከምን ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ታውቃላችሁ? ከኦርጋን! እ.ኤ.አ. በ1887 ቶራኩሱ ያማሃ የተባለ፣ ሰዓትና የሕክምና መሣሪያ የሚጠግን ሰው፣ ሃማማትሱ በምትባል የጃፓን ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተበላሸ ኦርጋን እንዲጠግን ይጠራል። ፈታው፣ አየው፣ ጠገነው። ከዚያም "እኔስ ብሠራው?" አለና የራሱን ሠራ፤ የሠራውንም ከባልደረባው ጋር በትከሻ ተሸክሞ የሃኮኔን ተራራ ተሻግሮ ቶኪዮ ድረስ ለባለሙያዎች ሊያስመረምር ሄደ። ዛሬም በየሰርባቶዮው ላይ የምናየው የያማሃ ምልክት እርስ በርስ የተጠላለፉ ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ናቸው። ኦርጋን ደግሞ የሚዘምረው በምንድን ነው? አየር ሲነካቸው በሚርገበገቡ ቀጫጭን የብረት ምላሶች! ዴራ ግቢዬ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጬ ያቺን ቁራጭ ወደ ፀሐይ ስይዛት ያ ሁሉ መጣብኝ። አንድ ጠጋኝ የተበላሸ ነገር በመፍታቱ የተወለደ ኩባንያ የሠራትን ሞተር፣ እኔ ደግሞ ከዶሮ ቤት ኋላ አውጥቼ እፈታታለሁ። እንዴት አልደነቅ?

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የያማሃ የሞተር ሳይክል ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1955 ነው። የመጀመሪያ ዶቅዶቄው ዋይኤ-1 ትባላለች፤ ባለ 125 ሲሲ፣ ጃፓኖች "ቀይ ውኃ እናት" የምትል በራሪ ነፍሳት ስም ያወጡላት ቀጭን ቆንጆ። በዚያችው በተመሠረተበት ወር ኩባንያው ይህችን ይዞ ወደ ፉጂ ተራራ የሽቅብ ውድድር ገባና በክፍሏ አሸነፈ። የመጀመሪያ ድላቸው በዳገት ላይ ነው! እሷ ደግሞ ከየት መጣች? ከጀርመኗ ዲኬደብሊው አርቲ 125። በሳክሶኒ፣ ጮፓው ከተማ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የተሠራች ቀላል ባለ ሁለት ምት ናት። ጀርመን ስትሸነፍ ንድፏ የጦር ካሣ ሆነና ሁሉም ተቀራመታት፤ እንግሊዞቹ ቢኤስኤ ባንተም ብለው ሠሯት፣ አሜሪካኖቹ በሃርሊ ዴቪድሰን ስም፣ ሶቪየቶቹ ሞስክቫ ብለው፣ ጃፓኖቹም በራሳቸው መንገድ። በዓለም ላይ እንደ እሷ የተቀዳች ዶቅዶቄ የለችም ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

ሱዙኪ ያላችሁ ደግሞ አትዘኑ፤ የእናንተዋ ታሪክ ሲኒማ ነው። በዚያችው ጮፓው፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን፣ ቫልተር ካደን የሚባል መሐንዲስ ነበረ። በጦርነቱ ጊዜ በፔነሙንደ የሮኬት ማዕከል የሠራ ሰው ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን አእምሮውን ሁሉ ኤምዜድ ለሚባለው ፋብሪካ ትንንሽ የውድድር ሞተሮች ሰጠ። ካደን ያስተዋለው ነገር እንዲህ ነው፦ በቱ ስትሮክ ውስጥ የጭሱ በርና የአዲሱ ድብልቅ በር ለጥቂት ጊዜ አብረው ክፍት ስለሚሆኑ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር አብሮ ያመልጣል። መላው የጭሱ መውጫ በሆነው ማርሚታ ውስጥ ነበር። ማርሚታው መጀመሪያ እየሰፋ፣ ከዚያ እየጠበበ እንዲሄድ ሆኖ ሲሠራ፣ ፍንዳታው የላከው የድምፅ ግፊት ከጠባቡ ጫፍ ተመትቶ ይመለሳል፤ ሲመለስም ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን፣ በሩ ላይ ቆሞ ልጆቹን ወደ ቤት እንደሚመልስ አባት፣ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። በሩም ወዲያው ይዘጋል። ምንም የሚንቀሳቀስ ብረት የለም፤ ባዶ ቆርቆሮና ድምፅ ብቻ! እ.ኤ.አ. በ1961 የካደን ባለ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ደረሰ፤ በሊትር ሲሰላ 200 ማለት ነው፣ በዘመኑ ተሰምቶ የማይታወቅ። የዚያ ዓመት መስከረም የኤምዜድ ጋላቢው ኤርንስት ዴግነር፣ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በስዊድኗ ክርስቲያንስታድ ውድድር ሞተሩ ተበላሸበት፤ ከውድድሩም በኋላ አገሩን ጥሎ ኮበለለ። ሚስቱና ልጆቹ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተደብቀው ከምሥራቅ ጀርመን ወጡ። የበርሊን ግንብ መሠራት ከጀመረ ገና ወር ከምናምን ነበር። ዴግነር ምስጢሩን ይዞ ሱዙኪ ቤት ገባ፤ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ሱዙኪ በ50 ሲሲ የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮናውን በዚያው በዴግነር አገኘ። በመንደራችን ሽንብራ ጭና የኖረችው ሱዙኪም ያን ማርሚታ ይዛ ነው የምትዞረው። ማርሚታዋን አውልቃችሁ እየሰፋች እየጠበበች ስትሄድ በእጃችሁ ዳስሷት፤ የካደን ሐሳብ ነው የምትዳስሱት።

እሺ፣ ወደ ግቢያችን እንመለስ።

ሥራው ከሰርባቶዮው ይጀመራል፣ ምክንያቱም ዝገት ያለበት ሰርባቶዮ የቀረውን ልፋት ሁሉ ገደል ይከታል። መድኃኒቱ ከጓዳ ነው፦ አቼቶ። የቆየውን ቤንዚን ደፍታችሁ አንድ ሁለት እፍኝ ንጹሕ ጠጠር ትከታላችሁ፣ አቼቶ ትሞላላችሁ፣ ታሳድራላችሁ። ጠዋት ትንጧታላችሁ፤ እውነተኛ መናጥ ነው፣ ጎረቤት ቅቤ ሊወጣ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ እንደ ድፍርስ ጠላ ነው፣ ሲደጋገም እየነጣ ይሄዳል። ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ አሲዱን የሚገድል ሶዳ በውኃ፣ ከዚያ እንደገና ውኃ። ዋናው ምስጢር ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ የተጋለጠ ብረት በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። እዚህ ላይ የዴራ ፀሐይ ታላቅ ውለታ ትውላለች። ክዳኑን ከፍታችሁ ሜዳ ላይ ስታሰጧት ብዙም ሳይቆይ ደርቃ እጅ ታቃጥላለች፤ ወዲያው ጥቂት ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ ውስጧን ታለቀልቋታላችሁ። የእጅ ባትሪ አስገብታችሁ ስታዩ የውስጡ ብረት ግራጫ ሆኖ ያበራል። ያን ግራጫ ያየ ሰው ከዚህ ሥራ ወደ ኋላ አይመለስም።

የተጣበቀ ፒስተን ብዙ ሰው ያስፈራል። ማስፈራት የለበትም። ካንዴላውን ፈታችሁ በቀዳዳው ነጭ ጋዝና ትንሽ ዘይት ትሞላላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። በየቀኑ ማርሽ አስገብታችሁ የኋላ ጎማውን ወደፊት ወደኋላ ነቅነቅ ነው። አንድ ጠዋት ከውስጥ "ጭ" የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ጎማው ጣት የማያክል ርቀት ይሄዳል! እኔ ያን ጠዋት ጮኼ ነበር፤ ግቢው ሰው ሞላ። ከዚያ ቴስታታው ይነሳል፣ ሲሊንደሩ ይወጣል፣ የፒስተኑ ፋሻዎች ይታያሉ። የድሮ ፋሻ በጥላሸት ተጣብቆ ከጎድጓዱ አልወጣም ይላል፤ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፎ በእንጨት ስንጥር መቆርቆር ነው፣ በብረት አይደለም፣ ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው ይጫራል። የጭሱ በርም እንዲሁ፤ የዓመታት ዘይት ተቃጥሎ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ጠጥሮ ግማሹን በር ዘግቶት ይገኛል። ብዙ "ጉልበቷ አልቋል" የተባለች ዶቅዶቄ የታመመችው እዚህ ብቻ ነው። ፋቁት፣ ትተነፍሳለች!

ሲሊንደሩ በጣት ጥፍር የሚያዝ ጭረት ካለው ግን ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት። አዳማ ቅርብ ነው፤ ሲሊንደሩን በፌስታል ጠቅልሎ በሚኒባስ መሄድ ብቻ ነው። ባለ ቶርኖው ከፍ ያለ መጠን ያለው ፒስተን ስጡኝ ይላችኋል፤ መጀመሪያ ፒስተኑን ገዝታችሁ በእሱ ልክ ነው ሲሊንደሩ የሚሰፋው፣ ተገላቢጦሽ አይሠራም። ፒስተኑን ፍለጋ ደግሞ ራሱን የቻለ ደስታ ነው። አዳማ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አለ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ አለ። ሱቁ ውስጥ የተቀመጠው አዛውንት የድሮውን ፒስተን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ አሻሽቶ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አቧራ የጠጣች ካርቶን ይዞ ይወጣል። ከፍቶ ሲያሳያችሁ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለች፣ እንደ ትናንት የምታበራ ፒስተን ከነፋሻዋ። "ልጄ፣ ይቺን የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል" ይላል። ዋጋ የሚከራከር አንጀት ይኖራችኋል? እኔ አልነበረኝም።

የቀረው በፍጥነት ይሄዳል። የፍሬን ሸራ፣ ካላማዳሪ፣ ካቴና፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ ጓርኒሲዮን፤ ሁሉም ገበያ ላይ ናቸው። ጓርኒሲዮን ከጠፋ ወፍራም ወረቀት ላይ በራሳችሁ ቀርጻችሁ ትቆርጣላችሁ። ቀለሙ እንደየፍላጎት ነው፤ እኔ ፓራፋንጎዎቹን ብቻ ቀብቼ ሰርባቶዮውን በአሮጌ ቀለሙ ትቼዋለሁ፣ የክትባት ሣጥን ያፋተገው ጎን የራሱ ክብር አለውና። አንድ ነገር ግን ችላ አይባልም፤ በሚዞረው ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት የዘይት መከላከያ ጎማዎች። ቱ ስትሮክ በሆዱም ስለሚተነፍስ አሮጌ ጎማ አየር ካስገባ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይጣበቃል። ርካሽ ናቸው፣ ሳትጠራጠሩ ቀይሯቸው።

የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ ሥራዬን እያለፈ እያገደመ ያይ ነበር። አንድ ቀን ቆመና "እሳት አላት?" አለኝ።

"አላት፣ ጋሼ።"

"ቤንዚን ይደርሳታል?"

"ይደርሳታል።"

"ኮምፕሬሽንስ?"

አውራ ጣቴን የካንዴላው ቀዳዳ ላይ አድርጌ መርገጫውን ስመታ ጣቴን ወርውሮ እንደጣለው ነገርኩት። ሳቀ። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ርገጣ!" ረገጥኩ። ደግሜ ረገጥኩ። ሰማያዊ ጭስ፣ ከዚያ ያ ድምፅ፣ ያ ፋታ የሌለው ድምፅ ግቢውን ሞላው! የሰፈር ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው "ጋሼ፣ ጋዝ ስጣት! ጋዝ ስጣት!" ይላሉ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ እልል አለች። እስከ ዛሬ በዘመኔ የሠራሁት ሌላ ሥራ እልልታ አስገኝቶልኝ አያውቅም።

አሁን ግን ሰፋ አድርጌ መናገር የምፈልገው ስለ መንገዱ ነው፤ እውነተኛው ግኝት ያለው እዚያ ነውና። አዋሽ መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ያለበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር ነው። ከዚያ በዴራ በኩል፣ በኢተያ፣ በጎንዴ አድርጋችሁ ቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ስትደርሱ 2,200፤ አሰላ 2,430። ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ፣ ያውም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ አስፋልት። በመኪና ስትሄዱ የምታውቁት ነገር ብርድ መምጣቱን ብቻ ነው። በቱ ስትሮክ ላይ ግን ከፍታውን በቀኝ እጃችሁ ታውቁታላችሁ። ከታች፣ ከግራሩና ከሞቃቱ አየር ስትነሡ ሞተሩ ጥርት ያለ ነው፣ ጋዝ ስትሰጡት ይቆጣል። ከዴራ ወጥታችሁ ሜዳው ወደ ስንዴ አገር እየተቀየረ፣ በኢተያ በኩል የነፋስ ተርባይኖቹ ክንፋቸውን እያዞሩ ሲታዩ፣ ጎንዴን ስታልፉ፣ ድምፁ ቀስ በቀስ ይወፍራል። ጋዙን ጨምሩ፣ ይዘገያል። ቀደም ሲል በአራተኛ ማርሽ የያዘው ዳገት አሁን ሦስተኛ ይጠይቃል።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በአሰላ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው፤ ከመልካሳ እስከ አሰላ ብቻ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ የሚጠጋውን ያጣል። ካርቡራቶሩ ግን አያውቅም፤ ቤንዚኑን በታች እንደለመደው መጠን ማጠጣቱን ይቀጥላል። አየር አነሰ፣ ቤንዚን በዛ። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትፈልጋላችሁ? አሰላ መግቢያ ላይ ጋዙን ሞልታችሁ ጥቂት ሂዱ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ፍሪሲዮኑን ጨብጣችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ዳር ያዙ፣ ካንዴላውን ፍቱ። ዴራ ላይ የቡና ቆሎ መልክ የነበረው ሸክላው ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። የአርሲን ከፍታ በካንዴላ ላይ አነበባችሁት ማለት ነው! ካርታ ሳይኖር፣ ስልክ ሳይኖር።

መፍትሔው ደግሞ ኪስ ውስጥ ይገባል። የካርቡራቶሩን ክዳን ከፍታችሁ መርፌውን ታወጣላችሁ፤ አናቷ ላይ ተደራርበው የተቀረጹ ጎድጓዶች አሉ፣ በአንዷ ላይ ቀጭን መያዣ ሽቦ ተሰክቷል። ሽቦውን አንድ ጎድጓድ ወደ ላይ ስታደርጉት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ካልበቃት ከሥር ያለችውን ጂግለር፣ ቁጥር የተመታባትን ባለ ቀዳዳ ነሐስ፣ በአነስተኛ ቁጥር ትቀይራላችሁ። አሰላ ላይ መንገድ ዳር ይህን ሠርቼ መልሼ ሳስነሳት ድምፁ እንደ ዴራው ጠራ። ቁሉምሳ የሚሠሩ የስንዴ ተመራማሪዎች ለዚህ ከፍታ የሚስማማ ዘር ይመርጣሉ፤ እኔም ለዚህ ከፍታ የሚስማማ ቀዳዳ መረጥኩ። እንዲህ ያለ ጨዋታ በየት አገር ይገኛል? አውሮፓ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ደስታ ፈልጎ ወደ አልፕስ መጓዝ አለበት። የእኛ ተራራ ከደጃችን ነው፤ ከላይ ደግሞ ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ገና ይጠብቃል። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ፣ ከዚያ ወደ በቆጂ ስትቀጥሉ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ እግራቸውን ያፍታቱበት አገር ነው፤ ሳንባ የሚሠራ አየር ሞተርንም ይፈትናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነሮች ስንዴውን ሲያጭዱ፣ ነፋሱ የጭድ ሽታ ይዞ ሄልሜታችሁ ውስጥ ሲገባ፣ ያን ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ ሁኑ። ሌላ ምንም አልልም።

ስትመለሱ ግን አንድ ነገር አደራ! ቁልቁለቱን ጋዝ ዘግታችሁ ረጅም አትንሸራተቱ። ቱ ስትሮክ ዘይት የሚያገኘው ከሚጠጣው ነው፤ ያማሃ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዘይቱን በራሱ ፓምፕ የሚሰጥ አሠራር ቢያበጅም ፓምፑ ለሞተሩ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለጋዝም ይታዘዛል። ጋዝ ዘግታችሁ ሞተሩ በቁልቁለቱ ፍጥነት ሲዞር ዘይት አንሶት ይዞራል። ስለዚህ እያረፋችሁ ፍሪሲዮኑን ጨብጡና ጋዝ ስጧት። መርፌውንም ዴራ ስትደርሱ ወደ ቦታው መልሱ፤ ለአሰላ የተስተካከለ ሞተር ቆላ ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳበታል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ የነጣ ካንዴላ ደግሞ የሚቀልጥ ፒስተን ነው።

እንግዲህ ማን ይሞክረው? አስተማሪው ይሞክረው፣ ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍ የባንክ ሠራተኛ ይሞክረው፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ከአባቱ ጋር ይሞክረው። ሴት ልጃችሁን አትርሷት፤ የካርቡራቶር ሥራ የቀጭን ጣትና የትዕግሥት ሥራ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ መርፌውን ከእኔ በፈጠነ እጅ ትመልሳለች። ስትገዙ ሊብሬውን ጠይቁ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፣ ወረቀት የሌላትን ምንም ብታምር እለፏት። ሄልሜት ሳታደርጉ ከግቢ አትውጡ።

ከዚያ ወደ ዶሮ ቤቱ ኋላ ሂዱ። ጆንያውን አንሡ። ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ መርገጫውን በእግር ሳይሆን በእጅ ጫኑት። ከወረደና ግፊት ከተሰማችሁ ባለቤቱን ዋጋ ጠይቁ። ካልወረደም አትሽሹ፤ ዋጋው ይቀንስላችኋል፣ በነጋታው ነጭ ጋዝ ይዛችሁ ተመለሱ።